ለሶፍትዌር ሥራ ከጅማ ተጠርቶ የተጠየቀ አመልካች መልስ አይገባውምን?

ለሶፍትዌር ሥራ አመልካችን ጠርቶ የጠየቀ ድርጅት፣ ባይቀጥረው እንኳ፣ አለመቅጠሩንና ምክንያቱን በጽሑፍ ሊያሳውቀው ይገባል የሚል ሐሳብ ይዤ ነው ይህን ውይይት የከፈትሁት። ጅማ ውስጥ ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ምሩቃንን አግዛለሁ፤ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ከመውደቃቸው ይልቅ በምን እንደወደቁ አለማወቃቸው ሲያንገበግባቸው አያለሁ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሕ ሳይቀድ የተነሣ አውቶቡስ ጊቤን ተሻግሮ፣ በወልቂጤና በወሊሶ አልፎ ከተማ ሲገባ ቀኑ ተጋምሷል፤ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ለጅማ ልጅ የደርሶ መልስ ትኬትና የማደሪያ ወጪ ማለት ነው። ተሳታፊዎች የድርጅት ስም ሳይጠሩ የገጠማቸውን እንዲጽፉ ጠየቅሁ። የመጡትን መልሶች፣ የተደጋገሙትን እያለፍሁ፣ በየተራ ቁጥራቸው እተርካለሁ።

1ኛውን መልስ የጻፈችው እህት ከጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የተመረቀች ናት። በሰላምታ ጀምራ ያለፈችበትን ደረጃ ሁሉ ዘረዘረች፤ ሲቪዋ ተጣራ፣ አጭር የስልክ ጥሪ ተደረገላት፣ ሃከርራንክ በተባለው የፈተና ድረ ገጽ የሰዓት ገደብ ያለው የኮድ ፈተና ወሰደች፣ ከዚያ በአካል እንድትቀርብ ተጠራች። ስለ ምን እንደምትጠየቅ ማንም አልነገራትምና ጊዜዋን ሁሉ በአልጎሪዝም፣ ማለትም ኮምፒውተር አንድን ችግር ደረጃ በደረጃ በሚፈታበት ስልት፣ ጥናት አሳልፋ ስትቀርብ፣ ጠያቂዎቹ አልጎሪዝምን ጨርሶ ሳያነሡ የመመረቂያ ሥራዋን ብቻ መረመሩ። ሥራዋ የተማሪዎች ማደሪያ መደልደያ ሲስተም ነበር። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቅጽበት አንዱን አልጋ ቢመርጡ ሲስተሙ ምን ያደርጋል ብለው ጠየቋት። አልጋው አስቀድሞ መያዝ አለመያዙን የሚፈትሽ ኮድ እንዳለ መለሰች። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ አመሰገኗት፣ ሸኟት፤ ከዚያ ወዲህ የጻፈላትም የደወለላትም የለም። መልሷ ትክክል ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ ስለማታውቅ፣ የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳት ለመነች።

2ኛው ጸሐፊ እህት የዘረዘረችው የሁሉም ድርጅት አሠራር አለመሆኑን አሳሰበ። እንደ እርሱ አስተያየት፣ በየደረጃው የተከፋፈለ ፈተና የሚሰጡት ተለቅ ያሉት ድርጅቶች ናቸው፤ በትንንሾቹ ዘንድ ግን ባለቤቱ ራሱ አመልካቹን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹም የታወቁ ናቸው፤ መረጃ በሠንጠረዥ በሚቀመጥበት በዳታቤዝ የፕራይመሪ ኪይ (እያንዳንዱን መዝገብ የሚለየው) እና የፎሪን ኪይ (ወደ ሌላ ሠንጠረዥ መዝገብ የሚያመለክተው) ልዩነት፣ ከድረ ገጽ መረጃ ለመጠየቅና ወደ ድረ ገጽ ለመላክ የሚያገለግሉት የጌትና የፖስት አጠቃቀም፣ ሁለት ሠንጠረዦችን በጆይን ማገናኘት። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ምሩቃን የእነዚህን ትርጉም በቃላቸው ይወጡታል፤ ስሕተት ያለበት የሌላ ሰው ኮድ ተሰጥቷቸው ስሕተቱን እንዲያገኙ ሲታዘዙ ግን ይደናገራሉ ሲል ደመደመ። እኔም ከማግዛቸው ልጆች ዘንድ ያየሁት ይህንኑ ነው። የራሱን ኮድ መጻፍ እንጂ የሌላውን ማንበብ የተለማመደ ጥቂት ነው።

3ኛው መልስ ለመጀመሪያዋ እህት የተጻፈ ሲሆን፣ በውይይቱ ሁሉ ከተጻፉት እኔ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው። ጸሐፊው እህቴ ብሎ ጀምሮ፣ አስቀድሞ መፈተሽ ብቻውን የማይበቃበትን ምክንያት በእርጋታ አስረዳት። አንዱ ተማሪ አልጋው ባዶ መሆኑን ከፈተሸ በኋላ ስሙን ከመመዝገቡ በፊት ጥቂት ጊዜ አለ፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ሌላው ተማሪም ፈትሾ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ሁለቱም ይመዘገባሉ። ስለዚህ በአንድ የትምህርት ዘመን አንድ አልጋ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የሚከለክለው ገደብ በዳታቤዙ ውስጥ ራሱ መቀመጥ አለበት፤ ሁለተኛውን ምዝገባ ዳታቤዙ አይቀበለውም፤ ኮዱም ያንን ተቀብሎ ለተማሪው ሌላ አልጋ እንዲመርጥ ይነግረዋል። ጥያቄው መልካም ጥያቄ እንደነበርና ጠያቂዎቹም ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች እንደሚመስሉት አልሸሸገም። የተቆጣው ይህን ማብራሪያ ጽፎ ለመስጠት ጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደፈጀበት ሲያስብ ነው፤ ያን ያህል ደቂቃ ከጠያቂዎቹ መካከል ለልጅቱ የሰጠ አልነበረምና።

በ4ኛው መልስ አንድ ወንድም በነጭ ሰሌዳ ፊት የገጠመውን ጻፈ። የታዘዘው በቅደም ተከተል ከተደረደሩ ቁጥሮች አንዱን በባይነሪ ሰርች የሚፈልግ ኮድ እንዲጽፍ ነበር። ዘዴው ዝርዝሩን በየጊዜው ለሁለት እየከፈለ ስለሚሄድ ከ1 ሚሊዮን ቁጥሮች መካከል የሚፈለገውን ቢበዛ በ20 ንጽጽር እንደሚያገኝ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቤቱ ሆኖ ብዙ ጊዜ ጽፎታል። ሦስት ሰዎች ከጀርባው ተቀምጠው፣ አንዱ በየመስመሩ በረጅሙ ሲተነፍስ ግን እጁ ተንቀጠቀጠ፣ መካከለኛውን ቁጥር የሚያሰላበት መስመርም ጠፋበት።

5ኛው ይህ የእርሱ ድክመት ብቻ አለመሆኑን በማስረጃ አስደገፈ። እ.ኤ.አ. በ2020 የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች 48 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ጠያቂ እያየው በሰሌዳ ላይ፣ ሌላውን ወገን ለብቻው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ጥያቄ አሠርተው ነበር፤ እየታዩ የሠሩት ውጤት ለብቻቸው ከሠሩት ከግማሽ በታች ወረደ። ለብቻቸው ከሠሩት ሴቶች የወደቀች አልነበረችም፤ እየታዩ ከሠሩት ሴቶች ግን ያለፈች አልነበረችም። ጸሐፊው ወዲያው አክሎ፣ የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ስለ ሴቶቹ የተገኘው ውጤት በጥንቃቄ መታየት እንዳለበት አሳሰበ።

ውይይቱ መሞቅ የጀመረው በ6ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው 4ኛውን ሰው ማባበል አልፈለገም። ሥራውም ጭንቀት አለው፣ የደንበኛ ሲስተም በእኩለ ሌሊት ሲቆም የሚደወልለት ሰው እጁ ከተንቀጠቀጠ ለማን ይጠቅማል የሚል ጠንከር ያለ ቃል ጻፈ። 7ኛውም ጠንከር አድርጎ መለሰለት። በእኩለ ሌሊት የሚጠራ ሠራተኛ ሲስተሙን ያውቀዋል፣ ባልደረባውን ይጠይቃል፣ ሰነድ ያነባል፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ በሰሌዳ ፊት ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም፤ ስለዚህ ሁለቱን ጭንቀቶች አንድ ማድረግ ሥራውን አለማወቅ ነው አለው። እኔ ከ7ኛው ጋር ነኝ። 8ኛው ሁለቱም ቃላቸውን እንዲያለዝቡ ብቻ ጠይቆ አለፈ።

9ኛውን መልስ የጻፈው ሰው ራሱ ቀጣሪ ነው፤ ራሱን በመግለጡም አከብረዋለሁ። ለአንድ የጀማሪ ቦታ የሚጎርፈው ማመልከቻ ብዙ መሆኑን፣ የኮድ ማስቀመጫ በሆነው ድረ ገጽ በጊትሃብ የሚቀርቡት ሥራዎች ብዙዎቹ ከአንድ የማስተማሪያ ቪዲዮ የተገለበጡ መሆናቸውን፣ ለጥያቄ መልስና ኮድ የሚጽፈው ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ በኋላ ደግሞ በቪዲዮ ሲጠየቅ ዓይኑ ከሌላ ጽሑፍ ላይ የሚያነብ አመልካች መብዛቱን ጻፈ። ከጅማም ሆነ ከሌላ ከተማ አመልካቾችን በአካል የሚጠራበት ምክንያት ይህ እንደሆነ ገለጸ። እርሱ የሚጠይቀው እንዲህ ነው፤ አመልካቹ በራሱ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔት ሳይከለከል፣ አንድ አነስተኛ ኮድ ይሠራል፤ ሲጨርስ ከመስፈርቶቹ አንዱ ይለወጥበትና እንዲያስተካክለው ይታዘዛል። ገልብጦ የመጣ ሰው እዚያ ላይ ይቆማል፤ የገባው ግን ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ግን፣ ላልተመረጡት ሁሉ ለመጻፍ ጊዜ እንደሌለው፣ በሁለት ሳምንት ያልተደወለለት ሰው እንዳልተመረጠ ማወቅ እንዳለበት ጻፈ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ቁጣ ነው። 10ኛው ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚለውን ተረት አንሥቶ፣ ከሩቅ አገር መጥቶ የተጠየቀን ሰው ያለ መልስ መተው ከንቀት ሌላ ስም እንደሌለው ጻፈ። 11ኛው ቁጣውን ወደ ስሌት መለሰው፤ ሶፍትዌር ሠርቶ የሚሸጥ ድርጅት ስም ብቻ እየቀያየረ ለሁሉም የሚልክ አጭር ኢሜይል ማዘጋጀት አቃተኝ ማለቱ እንዴት እንደሚያስተማምን ጠየቀ፤ ከተጠየቁት ከአሥር ለማይበልጡት ደግሞ በእጅ መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። 12ኛው ግን ለቀጣሪው ቆመ፤ መልካም የሆነውን የፈተና ዘዴውን ሁሉም ችላ ብለው በአንዱ ስሕተቱ ላይ ብቻ መረባረባቸው ፍትሐዊ አይደለም አለ። ትክክል ነበር።

በ13ኛው መልስ የመጣው ጉዳይ ረጅም ክርክር አስነሣ። ጸሐፊው ለፈተና ተብሎ የተሰጠው የቤት ሥራ ሙሉ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ማስያዣ ሲስተም ነበር፤ ከቴሌብር የክፍያ ግንኙነት ጋር፣ ለአስተዳዳሪውም ለደንበኛውም የተለያየ ገጽ ያለው። ሠርቶ አስረከበ፣ መልስ አላገኘም፣ የተጠየቀው ሥራም የደንበኛ ትእዛዝ ይመስለዋል። 14ኛው የሕግ ዕውቀት ያለው ሰው ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደሚጠብቅ፣ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የሠራው የተለየ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው እንደሚሆን፣ ገና ያልተቀጠረና ውል ያልፈረመ አመልካች ግን ሠራተኛ ስላልሆነ የጻፈው ኮድ መብት የራሱ እንደሆነ አብራራ። ነገር ግን ከፈተናው በፊት የሚፈረም ወረቀት ካለ በውስጡ ያለውን ሁሉ ማንበብ ይገባል ብሎ አስጠነቀቀ። 15ኛው ያለ ደመወዝ ለ45 ቀን በሙከራ እንድትሠራ የተነገራት ልጅ ናት፤ ሕጉም ይህን የሚፈቅድ መስሏት ነበር። 16ኛው በሁለት ነገር አረማት። 45 ቀን የሚለው በቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 የነበረ ነው፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥና በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ሁለተኛውና ዋናው፣ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሠራተኛ ነው፤ ሙከራውን የጨረሰ ሰው ያለው መብት አለው፣ ደመወዙም ይከፈለዋል። ይህን መልስ እኔ ለማግዛቸው ሁሉ ገልብጬ ሰጥቻለሁ።

ከ17ኛው እስከ 20ኛው ያሉት ከመንገዱ ወጣ ያሉ ናቸው። አንዱ የሚጠብቁት ደመወዝ ስንት ነው ሲባል ምን ይመለሳል ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው የብር ምንዛሪ በገበያ መመራት ከጀመረበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የድሮውን መጠን መጥራት ራስን መጉዳት እንደሆነ ነገረው፤ ሦስተኛው የተጠራው ገንዘብ ጥቅል ይሁን የተጣራ ሳይለዩ መስማማት እንደማይገባ፣ 7 በመቶ ለጡረታ፣ ከዚያም እስከ 35 በመቶ የሚደርስ የሥራ ግብር እንደሚቀነስ አስታወሰ። 20ኛው በአውቶቡስ መናኸሪያ አቅራቢያ ርካሽ ማደሪያ ጠየቀ፤ የጠቆሙት በርካታ ናቸው።

በ21ኛው መልስ አንድ የጅማ ወጣት ቃለ መጠይቁ ዓርብ በ7 ሰዓት፣ ልክ በጁምዓ ሰላት ሰዓት እንደተቀጠረለት፣ ሰዓቱ እንዲለወጥለት መጠየቅ ሥራውን የሚያሳጣው መስሎት ሁለት ቀን እንደተጨነቀ፣ በመጨረሻ አጭር ደብዳቤ ሲጽፍ ያለ አንዳች ቅሬታ ወደ 9 ሰዓት እንደተዛወረለት ጻፈ። 22ኛውም ስለ ሰዓት ነው፤ በውጭ አገር ድርጅት ለ9 ሰዓት ተቀጥሮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሲገባ፣ ጠያቂዎቹ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምረው ጠብቀው ሄደው ነበር። ቀጠሮ ሲደርስ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ማረጋገጫ መጠየቅ እንደሚገባ መከረ። መብራት ቢጠፋ በምን እንደሚቀጥል አስቀድሞ ለጠያቂው መንገርም መልካም መሆኑን ጨመረ።

23ኛዋ እህት የተጠየቀችው ጥያቄ ውይይቱን መልሶ አጋለው። ኮድ ጽፋ፣ ተመስግና፣ ሊያሰናብቷት ሲሉ አግብታ እንደሆነና ልጅ መቼ ለመውለድ እንዳሰበች ጠየቋት። ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። 24ኛው፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ የሚመስሉ ሰው፣ ልጄ ብለው ጀምረው፣ ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ ሊሆን ይችላልና በክፉ ባትተረጉመው መልካም እንደሆነ መከሯት። 25ኛዋ ለእርሳቸው የመለሰችው ጋሼ እያለች በአክብሮት ቢሆንም ቃሏ የተሳለ ነበር። አንድም ወንድ ተፈታኝ ይህን ተጠይቆ እንዳልጻፈ አመለከተች፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በጾታ ልዩነት ማድረግን እንደሚከለክልም አስታወሰች፤ ምክንያቱ ሳይነገራት የቀረች አመልካች በኮዷ ይሁን በማኅፀኗ የተነሣ እንደወደቀች ማወቂያ እንደሌላት ጻፈች። ያ የመጨረሻው ነጥብ የእኔን ሐሳብ እኔ ካስቀመጥሁት ይልቅ አጠንክሮታል። ሰውየውም ተመልሰው ልክ ነሽ ሲሉ መሰከሩላት።

26ኛው የፈተናውን አሠራር ወደ መመርመር መለሰን። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የ85 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው የሥራ ናሙና ማሠራትና ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ የወደፊቱን የሥራ ብቃት ከሚተነብዩት ዘዴዎች ግንባር ቀደሞቹ መካከል ማግኘታቸውን፣ በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ቁጥሮቹን እንደገና አስልተው ብዙዎቹን ዝቅ ቢያደርጓቸውም እንዲህ ያለውን ቃለ መጠይቅ በቁንጮነት እንዳስቀመጡት ጻፈ። ጉግልም ቢሆን በእንቆቅልሽ መጠየቅ ምንም እንደማይተነብይ በጊዜው የሰው ኃይል ኃላፊው የነበረው ላዝሎ ቦክ እ.ኤ.አ. በ2013 ተናግሯል። ጸሐፊው ከዚህ ያወጣው ለቀጣሪው የሚጠቅም ነገር ነው፤ ጥያቄዎቹ ለሁሉም አንድ ከሆኑና ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ በወረቀት ከተያዘ፣ ለአመልካቹ የሚጻፈው ምክንያት ከዚያው ወረቀት ይገለበጣል፤ አዲስ ድካም አይጠይቅም።

9ኛው ቀጣሪ በ27ኛው መልስ ተመለሰ። ሲቪ ብቻ ለላኩት ሁሉ መጻፍን አሁንም አልተቀበለም፤ ፊቱ ተቀምጠው ለተጠየቁት ግን የነጥብ ወረቀት ይዞ ምክንያት ለመላክ እንደሚሞክር ጻፈ። የፈራው አንድ ነገር አለ፤ ምክንያቱን የተላከለት ሰው ወደ ክርክር ቢገባ፣ ደብዳቤውንም በቴሌግራም ቢያሰራጨው ምን ይሆናል? 28ኛው፣ ምክንያቱ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ መልሱ ከተጻፈ ክርክር እንደማያስነሣ አስረዳ፤ አመልካቹ ደካማ ነው ከማለት፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲመዘገብ የሚፈጠረውን ችግር በዳታቤዝ ገደብ እንደሚፈታ አላሳየም ማለት ይሻላል። 29ኛው በተቃራኒው ወገን ያለውን ጥፋት አነሣ፤ አንዳንድ ድርጅቶች ያለፉትንና የወደቁትን ስም ከስልክ ቁጥር ጋር በይፋ ቻናል ላይ እንደሚለጥፉ፣ ይህም ከግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጋር እንደማይሄድ ጻፈ።

30ኛው የመጨረሻው ነው። ድርጅቶች እስኪጽፉ ድረስ አመልካቹ ራሱ እንዲጽፍ ሐሳብ አቀረበ፤ እኔም ከዚህ በኋላ በማግዛቸው ልጆች ዘንድ ይህንኑ አስለምዳለሁ። ከቃለ መጠይቁ በተመለሰ በማግሥቱ፣ ትውስታው ሳይደበዝዝ፣ የተጠየቀውን ሁሉ ይመዝግብ፤ በሳምንቱ ምስጋና ያለበት አጭር ኢሜይል ይላክ፤ በኢሜይሉም ለምን አልተቀጠርሁም ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች የትኛውን በተሻለ መመለስ ነበረብኝ ብሎ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ። በዚህ መንገድ የጻፉ ሁለት ጓደኞቹ ከጠያቂዎቻቸው ዝርዝር ማብራሪያ እንዳገኙ መስክሯል። የደብዳቤውን ናሙና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ከመልሱ ጋር አያይዟል፤ ለቃለ መጠይቅ የተጠራችሁ ሁሉ ከዚያ ውሰዱ።